ጨረታው ሳይወጣ እንድረስ

በአገራችን የሕንፃ ጨረታ ሰነዶች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የሚኖር አንድ መስመር አለ፦ ሲ-25 አርማታ፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ፣ በፎርምወርክ ውስጥ ተሞልቶ በቫይብሬተር የተጠቀጠቀ። ከጎኑ ብዛቱ፣ ነጠላ ዋጋው፣ ጠቅላላ ዋጋው ይሞላል። በቃ። አሸዋው ከየትኛው ወንዝ እንደሚዛቅ፣ ጠጠሩ ከየትኛው ገደል እንደሚፈነቀል፣ ሲሚንቶው የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ የተቆፈረውን ጉድጓድ ማን እንደሚደፍነው አንድም ቃል የለም። ሰነዱ ዝም ያለበትን ተቋራጩ በራሱ መንገድ ይሞላዋል። በእሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ያሸነፈው ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ነው፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያወጣው አሸዋ ደግሞ ቅርብ ካለው ወንዝ የሚዛቀው ነው።

የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ሆናችሁ ለቀያችሁ ትምህርት ቤት የምታዋጡ ልጆቻችን፤ ጥሪዬ ይህን ባዶ ቦታ እኛ እንድንሞላው ነው። ውሉ ተፈርሞ፣ ሲኖትራኩ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ የማሳው ዳር ተንዶ ካበቃ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጨረታው ሳይወጣ እንድረስ።

ጊዜው ለምን አሁን ሆነ? ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ ስትለቀቅ ሆስፒታሏም ዩኒቨርሲቲዋም ተዘርፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ የሚሠራው ብዙው ነገር መልሶ መሥራት ነው፦ የመማሪያ ክፍል፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ ተቋም፣ ቢሮ። የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በግጭት ለተጎዱ ክልሎች 300 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ከክልሉ በጀት፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከበጎ አድራጊው ኪስ የሚመጣውም አለ። ሰላሙ ሲጸና ደግሞ ይበዛል። ይህ ሁሉ ብር ወደ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚለወጠው በግዥ በኩል ነው። ለአንድ የመማሪያ ክፍል ብሎክ በተለምዶ ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አይጠየቅም፤ ስለዚህ የወንዙና የዛፉ ጉዳይ የሚነሳበት ወረቀት ቢኖር የጨረታ ሰነዱ ብቻ ነው። እዚያ ካልተነሳ የትም አይነሳም።

አካባቢያችን ትልቅ ግዥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወጣውን መንገድ ዛሬም «ቻይና መንገድ» እንለዋለን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር በ2004 ዓ.ም. ለቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሲሰጥ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ገንዘቡም በቱርክ ኤክዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ በኩል የተገኘ ብድር ነው። እንዲህ ያለ ብድር ብዙ ጊዜ ተቋራጩን ይዞ ይመጣል። መስፈርቱን የሚጽፈው ግን ገዥው ነው። ለባቡሩ መሠረት የሚሆነው ድንጋይና ገረጋንቲ ከየትኛው ኮረብታ እንደሚወጣ፣ ኮረብታውስ ምን ሆኖ እንደሚቀር መጠየቅ የኛ ድርሻ ነበር። ያን ጊዜ በዞን ደረጃ የጠየቅን ሰዎች ብዙ አልነበርንም።

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ። የሀብሩ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ተነስተው ወደ ምሥራቁ ቆላ ይወርዳሉ። ክረምት ላይ ደራሹ ከተራራው አሸዋ ያግዛል፤ በጋ ላይ አሸዋው እየተዛቀ መኪና ላይ ይጫናል። ለዓይን ሲታይ ወንዙ በየዓመቱ የሚሰጠው ነፃ ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን ወንዝ ውስጥ የተኛ አሸዋ ውኃ የሚያቆይ ማጠራቀሚያም ነው፤ ደራሹ ካለፈ በኋላ ውኃው በአሸዋው ውስጥ ይቆይና ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሰርጋል፣ የጉድጓዱን ውኃ ይመግባል። አሸዋው ክረምት ከሚያመጣው በላይ ሲወሰድ የወንዙ ወለል ይወርዳል፤ ወለሉን ተከትሎ የከርሰ ምድር ውኃው ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ ድጋፍ አጥቶ ይናዳል። የመርሳ ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ የሚበቅለው በዚሁ ውኃ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ለመስኖ የከርሰ ምድር ውኃ ለማውጣት ስንት ገንዘብና ልፋት እንደፈሰሰ የምታውቁ፣ በአንድ እጅ ውኃ እየሳብን በሌላው እጅ ውኃ ማቆያውን እየጫንን ስንሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በደሴና በወልድያ መካከል ያለው ዋና መንገድ የሚያልፍባቸው ድልድዮች አሉ። የወንዙ ወለል ሲወርድ የድልድዩ ምሰሶ መሠረት ይገለጣል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት በርካሽ የተገዛ አሸዋ በድልድይ ጥገና ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። በጨረታው ቀን ይህን የሚያሰላ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ የለም።

አካፋ ይዘው አሸዋ የሚጭኑት ልጆች ጠላቶቻችን አይደሉም። ሥራ አጥተው እዚያ የተገኙ የኛው ልጆች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው ፈቃድ የያዙም አሉ። በማዕድን አዋጁ በ678/2002 መሠረት የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ፈቃድ የያዘም የቆፈረውን መልሶ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ችግሩ ፈቃድ ይዞ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ በተወሰነለት ቦታ የሚሠራው ማኅበር በሌሊት ወንዝ ገብቶ ከሚጭነው ጋር በዋጋ መወዳደር አለመቻሉ ነው። መንግሥት ገዥ ሆኖ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ካልጠየቀ ሕጋዊው ይከስራል። ስለዚህ ይህ ጥሪ ለልጆቹ የሥራ ጥሪም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንዱ፣ «ልጆቻችን ዳስ ሥር እየተማሩ ስለ አሸዋ ታወራለህ?» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ልክ ነው፤ ጣሪያ ይቀድማል። ግን በሰነዱ ላይ ሦስት አንቀጽ፣ አንዱን ስለ አሸዋና ድንጋይ፣ አንዱን ስለ ሲሚንቶ፣ አንዱን ስለ እንጨት፣ መጨመር ሥራውን ለአንድ ሳምንት እንኳ አያዘገየውም። ሥራ የሚያዘገየው ተቋራጩ ጭቃ የበዛበት አሸዋ አምጥቶ አማካሪ መሐንዲሱ ሲመልስበት ነው። በአገራችን መስፈርት አሸዋ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ደቃቅ ጭቃ ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ምንጩ አስቀድሞ ከታወቀ አስቀድሞ ይፈተሻል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፣ ከተማሩት ሰዎች አፍም ነው የሚወጣው፦ «ነፃ ንግድ ውስጥ ልንገባ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ውድድርን ይገድባል፣ እንከሰሳለን»። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሥሩን እንየው። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የድርጅቱ መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የሸቀጦች ንግድ ስምምነት በአንቀጽ 3 ንኡስ አንቀጽ 8 ላይ መንግሥት ለራሱ አገልግሎት የሚገዛውን ዕቃ ከአገር ውስጥና ከውጭ ዕቃ እኩልነት ግዴታ ውጭ ያደርገዋል። ስለ መንግሥት ግዥ የሚናገር ሌላ ስምምነት አለ፤ እሱ የሚያስገድደው የፈረሙትን ብቻ ነው፣ ከአፍሪካም አንድም አገር አልፈረመችውም። አስገራሚው ደግሞ ይኸው ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ቅጂው በአንቀጽ 10 ላይ ገዥው የተፈጥሮ ሀብትን ለመጠበቅ ወይም አካባቢን ለመንከባከብ የሚረዳ የቴክኒክ መስፈርት ማውጣት እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ይከለክለናል የተባለው ሰነድ ፈቃጃችን ሆኖ ተገኘ። በ2011 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ለሸቀጦች ንግድ በወጣው ፕሮቶኮሉ ተመሳሳይ ልዩ ሁኔታ አለው። ደግሞስ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ የከለከለች አገር ለአሸዋ መስፈርት መጻፍ ትፈራለች መባሉ ትንሽ አያስቅም?

በአውሮፓ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ ከእነሱ ክርክር የምንማረው አለ። የሄልሲንኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 የአውቶቡስ አገልግሎት ጨረታ አውጥታ፣ የጭስ ልቀቱና ጩኸቱ አነስተኛ ለሆነ አውቶቡስ ተጨማሪ ነጥብ እሰጣለሁ አለች። የተሸነፈው ኮንኮርዲያ የተባለ የአውቶቡስ ኩባንያ «ይህ አድልዎ ነው» ብሎ ከሰሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ለከተማዋ ፈረደ፤ ግን ገደብ አበጀ። መስፈርቱ ከሚገዛው ነገር ጋር የተያያዘ ይሁን፣ አስቀድሞ በጨረታው ይገለጽ፣ ገዥው እንዳሻው የሚያደርግበት ልቅ ሥልጣን አይሁን፣ አድልዎም አይኑርበት አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012፣ ተራው የኔዘርላንድስ ሆነ። ነገሩ ስለ ቡና ነበር። አንድ የክልል መንግሥት ለቢሮዎቹ ቡና ሲገዛ የሁለት የማረጋገጫ ምልክቶችን ስም፣ ማክስ ሃቬላርንና ኢኮን፣ በጨረታው ጻፈ። ፍርድ ቤቱ ጥፋት አገኘበት፤ ምልክቱ የሚወክለውን መመዘኛ በዝርዝር መጻፍ ሲገባው የምልክቱን ስም መጥራቱ ስህተት ነው ተባለ።

እነዚህ ፍርዶች እኛን አያስገድዱም። ትምህርታቸው ግን ለእኛም ይበጃል። «የመርሳ ድንጋይ ይሁን» ብለን ከጻፍን የቦታ ስም ጠራን፤ ሌላውን ያለ ምክንያት ዘጋን፤ ለዘመድ ሥራም በር ከፈትን። «ድንጋዩ ፈቃድ ካለው ካባ የወጣ፣ የማመላለሻ ነዳጁ ተሰልቶ የቀረበ፣ የካባው ማስተካከያ ዕቅድ የተያያዘ ይሁን» ብለን ከጻፍን ግን መርሳም፣ ኮምቦልቻም፣ ቆቦም፣ የውጭ ኩባንያም በእኩል ይወዳደራል፤ ቅርብ ያለው ካሸነፈም ነዳጁ አንሶ እንጂ ስሙ ተጠርቶ አይደለም። በእኔ እምነት ንግድ ሕግና አካባቢ ጥበቃ የሚጣሉት መስፈርቱ በስንፍና ሲጻፍ ነው። የአገር ውስጥ ተቋራጭን መደገፍ ከተፈለገም ለብቻው መንገድ አለው፤ በ649/2001 አዋጅ ሥር የወጣው የፌዴራል መመሪያ ለአገር ውስጥ ተቋራጮች 7.5 በመቶ የዋጋ ልዩ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ያን ከአካባቢ መስፈርቱ ጋር መቀላቀል አያስፈልግም። ያ አዋጅ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሉም የራሱ የግዥ ሕግ አለው። ሕጉ በታደሰበት ዘመን የቆየ ሰነድ እየገለበጡ መኖር ምን ይሉታል?

በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀሏል፤ ባንኩ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ በዓለም አቀፍ ጨረታዎቹ ከዋጋ ውጭ የሆኑ፣ ዘላቂነትንም የሚያካትቱ መመዘኛዎች በነጥብ እንዲገመገሙ እያደረገ ነው።

ወደ 360 ኪሎው ልመለስ፤ መሐንዲሶቻችን ታግሳችሁ ስሙኝ። ይህ ቁጥር የሚለው «ይህን ያህል ሲሚንቶ ጨምር» ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ሲሚንቶ አይደለም፤ ሕንፃው የሚሸከመው ጥንካሬና የሚቆይበት ዕድሜ ነው። በተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ውስጥ ከ95 በመቶ ያላነሰው ክሊንከር ነው፤ በምድጃ የሚቃጠለው፣ ብዙ ካርቦን የሚለቀውም እሱ ነው። ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ በገበያ «ፒፒሲ» የምንለው ሲሚንቶ ከክሊንከሩ ከፊሉን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካዋል። ክሊንከሩ 70 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አርማታ 90 ኪሎ ገደማ ክሊንከር እንቆጥባለን። 100 ሜትር ኩብ ለሚፈጅ ሕንፃ 9 ቶን ይሆናል። ነፃ ግን አይደለም፤ ፒፒሲ ጥንካሬ የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው፣ ፎርምወርኩ ቆይቶ ይነሳል፣ በመርሳ ሙቀት ደግሞ ውኃ ማጠጣቱን ችላ ያለ ተቋራጭ ሥራውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ለሁሉም ኮለንና ለሁሉም ሶሌታ ይሁን አልልም። መሠረትና ግንብ ላይ፣ የጊዜ ጥድፊያ በሌለበት፣ ሰነዱ ይፍቀደው፤ ይልቁንም የሚፈለገውን ጥንካሬ ጽፎ፣ ለዕድሜው የሚያስፈልገውን አነስተኛ የሲሚንቶ መጠን አስቀምጦ፣ ቀሪውን ለተቋራጩ ድብልቅ ዲዛይን ይተወው። ከላይ ያነሳሁት የመንግሥት ግዥ ስምምነትም በተቻለ መጠን መስፈርት በአፈጻጸም ይጻፍ ነው የሚለው።

እንጨቱ ሌላ ጉድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ይዘን ተራራ እንወጣለን፤ ዕረፍት ቀናችንንም ሰጥተናል። በጋ ሲመጣ ያው መሥሪያ ቤት ለሕንፃው አጣና፣ ሞራሌና ጣውላ ሲገዛ ከየት እንደተቆረጠ አይጠይቅም። ከተተከለ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ከጥድና ከወይራ ይሁን ሰነዱ ግድ የለውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ አገር በቀል ዛፍ ለመወጣጫና ለፎርምወርክ አይውልም፤ የብረት መወጣጫ ያቀረበ ነጥብ ያገኛል።

እንግዲህ እጃችንን እንሰብስብ። የሚጨመረው የመጀመሪያው አንቀጽ ረቂቅ እነሆ፤ ቅዱት፣ አሻሽሉት፦

«በሥራው ላይ የሚውል አሸዋ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ ሥልጣን ያለው የክልሉ አካል ፈቃድ ከሰጠበት ቦታ የወጣ ይሆናል። ተቋራጩ ከእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ጋር የቦታውን ፈቃድ ቅጂና የመጫኛ ደረሰኝ ያያይዛል። ለዚህ ሥራ የተቆፈረው ቦታ ካልተስተካከለና የላይኛው አፈር ካልተመለሰ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አደራ አትቁረጧት፤ ጉልበቱ ያለው እሷ ላይ ነው። ብር ያልተያዘበት ግዴታ በግንባታ ዓለም ግዴታ አይባልም።

የምክር ቤት አባላት፣ በጀት ስታጸድቁ የግዥ ዕቅዱንም አብራችሁ ጠይቁ፤ በዕቅዱ ላሉት ሕንፃዎች ይህ አንቀጽ ይካተታል ወይ በሉ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ወንዞቻችን በክረምት ስንት አሸዋ እንደሚያመጡ፣ በበጋ ስንት እንደሚወጣ መለካት የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ በእጃችን ካለ ማንም በግምት አይከራከረንም። ተቋራጮች፣ አንቀጹ ለሁሉም እኩል ከሆነ ዋጋችሁን እኩል ነው የሚጨምረው፤ ሕጋዊ ሆናችሁ የተሸነፋችሁበትን ጨረታ አስታውሱና ደግፉን። የቅሬ ዳኞች፣ ሼሁም ቄሱም፣ ወንዙ ሲናድ መጀመሪያ አቤቱታ የሚመጣው ለእናንተ ነው፤ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በውጭ ያላችሁ፣ የምትልኩት ገንዘብ በመንግሥት ግዥ ሕግ ላይገዛ ይችላል፤ እንግዲያው ለእናንተ ይበልጥ ይቀላል፣ ውሉን ራሳችሁ ጻፉት።

አዋጅ የሚያውቁ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ስላደረሰ ወይም ሊያደርስ ስለሚችል ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማሳው ያልተነካበት የወልድያ ልጅ ስለ መርሳ ወንዝ መክሰስ ይችላል ማለት ነው። ይህን መብት ወረቀት ላይ ብቻ አናስቀረው። የመጀመሪያ መሣሪያችን ግን እሱ አይደለም፤ ክስ የሚመጣው ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ቀድመን መድረስ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የግዥ ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ነው። የጨረታ ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ላይ ታትሞ ካየነው ዘግይተናል። ስለዚህ ሥራውን እንከፋፈል፦ የመርሳው ቡድን የሀብሩን ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ምክር ቤቱን ይያዝ፤ የወልድያው የከተማውን አስተዳደር፣ የዞኑን መምሪያዎችና ዩኒቨርሲቲውን ይያዝ፤ ከጊራና፣ ከውርጌሳና ከስሪንቃ ደግሞ በየወንዛቸው ፈቃድ ያላቸውንና የሌላቸውን የመጫኛ ቦታዎች የሚመዘግቡ ሰዎች ይመረጡ። ረቂቁን ይዛችሁ ስትሄዱ በቃል ብቻ አትመለሱ። ረቂቁ የተያያዘበት ደብዳቤ ከግንቦት ማለቂያ በፊት መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ይረፍበት፣ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ያዙ።